አጎቴን ከቅሬ ያስወጣ ጽሑፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። በዚያ ዘመን በወሎ ስንት ሰው አለቀ። ከነቤተሰቡ ከቤቱ ወጥቶ በየመንገዱ የቀረው ብዙ ነው። የእኔ ታሪክ ግን የስድስት ገጽ ጽሑፍና የአንድ ሽማግሌ ነገር ነው፤ ያውም ሽማግሌው የሞተው በረሃብ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል አንዱን ለይቶ «ይሄኛው በእኔ ነው» ማለት እንኳ ትዕቢት ይመስለኛል። ቢሆንም ስለሌሎቹ የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ አጎቴ ግን ከእኔ በቀር የሚጽፍ የለም፤ የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለችው መንደራችን እዚያ የደረስኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። አባቴና እናቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነው። መካነ ሰላም አንደኛ ደረጃ፣ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረኝም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ወድቄ እንዳልመለስ። ክፍል ውስጥ ከፊት እቀመጣለሁ፤ መምህር የተናገረውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ቀልድ ሲናገርም እጽፋለሁ።

ከመምህሮቻችን ሁሉ ያስደነቀኝ የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያስተምረን ወጣት ምሁር ነበር። በቢሮው በር ላይ በታይፕ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ላዩ ላይ የትምህርቱ ታሪክ አለ፦ በመጀመሪያ ሕግ እዚሁ አገር፣ ቀጥሎ ፍልስፍና እንግሊዝ አገር፣ ከዚያ ዶክትሬት አሜሪካ፤ የዶክትሬት ጽሑፉም ሰዎች ለሥልጣን ስለሚታዘዙበት ምክንያት ነው። ከሥሩ ደግሞ የምርምር ፍላጎቱ ተዘርዝሯል፦ የተገዢዎች ፈቃድ፣ ያልተጻፈ ሕግ፣ የወል ፍርድ። ቢሮው ዝግ በሆነበት ቀን ቆሜ ቃል በቃል በደብተሬ ገለበጥኩት። አንድ ቀን የእኔም ስም እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ፣ በር ላይ፣ ተለጥፎ በሐሳቤ አየሁት።

በኅዳር ወር የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሰጠን። «ከመጽሐፍ አትገልብጡልኝ» አለን። «መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ። ከየአገራችሁ አምጡልኝ። ሕዝብ ከላይ ሳይታዘዝ፣ በራሱ ፈቃድ ራሱን የሚያስተዳድርበትን አንድ ልማድ ጻፉ።»

እኔ ስለ አውጫጭኝ ጻፍኩ። ለማያውቀው ሰው፦ አንድ ነገር ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሽማግሎች ይሰየማሉ። ከሕዝቡ መካከልም በስውር የሚያወጡ ሰዎች ይመረጣሉ፤ «ወፍ» ይባላሉ። ወፍ ያየውንና የሰማውን ለሽማግሎች ብቻ በጆሮ ይነግራል። ማንነቱን እንዳይገልጡት እነሱ ይምላሉ፤ ወፍ መሆኑን እንዳይናገር እሱም ይምላል። ሽማግሎቹ ተነሥተው «ወፍ ነግሮናል፤ በሬውን የወሰደው እገሌ ነው» ሲሉ የትኛው ወፍ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ከሰው አልሰማሁም፤ አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከደሴ ፈተናዬን ጨርሼ ስመለስ የመንደሩ ገዢ የጭቃ ሹሙ የእርሻ በሬ ጠፍቶ አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር። እኔም እንደ አንድ ወንድ ተቆጥሬ ሜዳው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የአንድ ጎረቤታችን ስም ተጠራ። የአራት ልጆች አባት ነበር። አልካደም። ወደ መካነ ሰላም እስር ቤት ወሰዱት፤ መስከረም ሳይጠባ በተስቦ ሞተ።

ለመምህሬ ስጽፍ ግን የሚወደውን ነበር የጻፍኩት። «ሕዝቡ ማንም ሳያስገድደው ይሰበሰባል» አልኩ። የቀረ እንደሚቀጣ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች በሜዳው ዳርና ዳር እንደቆሙ አልጻፍኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ከሜዳው እንዳይወጣ ስለተከለከለና በየቤቱም እህል ስላልነበረ፣ በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በተቀመጡበት ተደፍተው እንደቀሩ አልጻፍኩም። የረሳሁት አይደለም። ያስገባሁት እንደሆነ ልማዱ የፈቃድ ምሳሌ እንደማይሆንልኝ ስለገባኝ ነው።

ከሳምንት በኋላ መምህሬ ቢሮው አስጠራኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ከየት ቀዳኸው?»

«አልቀዳሁም፣ መምህር። አገሬ ነው። እዚያው ነበርኩ።»

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ።» ወረቀቴን አገላበጠ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ስፈልግ ነበር። ግን የጎደለው ነገር አለ። ወፉ! ይህ ሰው ማነው? ማንም አያመሰግነውም፣ ማንም አይከፍለውም፤ ለምን ይናገራል? አንድ ወፍ በራሱ አንደበት ሲናገር ብታመጣልኝ እስከ ዛሬ ማንም ያልጻፈው ነገር ይሆናል።»

«ወፍ አይናገርም፣ መምህር።»

«ለአንተም?»

ለእኔም እንደማይናገር መመለስ ነበረብኝ። «እሞክራለሁ» አልኩት።

ለገና አገሬ ገባሁ። ከደሴ በጭነት መኪና፣ መንገዱ ካለቀበት ደግሞ ሁለት ቀን በእግር ነው። እኔ ወደ ላይ ስሄድ ሰዉ ወደ ደሴ ይወርዳል። እርዳታ አለ ሲባል ሰምተው ነው። ከብት የሚነዳ አላየሁም፤ የሚነዳ ከብት አልነበረም። አንዲት ሴት ከድካሟ የተነሣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ተማሪ፣ ደሴ ገና ነው?» አለችኝ። ገና ነበር። «ደርሰዋል፣ አይዞዎት» ብያት አለፍኩ።

አጎቴ ከስቶ አገኘሁት፤ ቀልዱ ግን አልከሳም። የመጣሁበትን ነገር በዘዴ ለመጀመር ስለ መምህሬ አወራሁት።

«ስንት ዓመት ተማረ?» አለኝ።

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ አያ።»

«ምን ሲማር?»

«ሰው ለሥልጣን ለምን እንደሚታዘዝ ነው የሚመራመሩት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ተምሮ እስከ ዛሬ አልገባውም? በሬ ቢጠይቅ ባንድ ቀን ይነግረው ነበር።»

አብሮን የተቀመጠው ጎረቤታችን ሸህ ነው፤ ለልጆች ቁርኣን ያስቀራል፤ ከአጎቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ሳቀና «አንተ ደግሞ፣ በሬ የት አለና ይጠየቃል! እሱም ደሴ ወረደ እኮ» አለ።

ሸሁ ሲሄድ ጥያቄዬን አወጣሁ። አጎቴ ወፍ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይህን የጠየቅኸኝ አንተ ነህ ወይስ ሰውዬው?»

«ለትምህርቴ ነው፣ አያ። ስም አልጽፍም። አዲስ አበባ ነው የሚቀረው፤ በፈረንጅ አፍ ነው።»

«ትምህርትህ ያለዚህ አይሆንም?»

አሁን ሳስበው ይህ ጥያቄ መውጫ ነበር። «ይሆናል» ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን «መምህሬ ተስፋ ያደረጉት በዚህ ነው» አልኩ። ስለ ትምህርቴ ሲሆን አጎቴ እምቢ ማለት እንደማይችል አውቃለሁ። በሬውንና ላሟን የሸጠው ለእኔ ደሴ መማሪያ ነበር።

ነገረኝ። በዚያ ክረምት አውጫጭኝ ከወፎቹ አንዱ እሱ ነበር። የጎረቤታችን ትንሽ ሴት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ መንገድ ላይ አግኝቷት «እንዴት ዋላችሁ?» ቢላት «እኛ ሥጋ በላን» አለችው። በደስታ ነበር የነገረችው። ሌላ ሰው እንዳትነግር አስጠንቅቆ ሸኛት። ሽማግሎቹ በእግዜር ስም ሲያስምሉት ግን መዋሸት አልቻለም።

«የሚያስሩት መስሎኝ ነበር፤ የሚሞት አልመሰለኝም» አለኝ። «ለልጆቹ ነው ያረደው። እኔም ልጅ ቢኖረኝ አርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማገኛት እፍኝ እህል ለሚስቱ እወስዳለሁ። ለምን እንደምወስድላት አታውቅም። መርቃ ትቀበለኛለች፤ ምርቃቷ ያቃጥለኛል።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ስጽፍ ጥንቁቅ ነበርኩ። የሰው ስም የለበትም፤ የመንደሩ ስም የለበትም። አጎቴን «የእናቴ ወንድም» አልኩት። የልጅቷን ንግግር ግን እንዳለ አስቀመጥኩት፤ መምህሬ የሰውን ቃል እንዳለ ጻፉ ይለን ነበርና።

መምህሬ አንብቦ ከወንበሩ ተነሣ። በጽሑፌ ላይ የራሱን መግቢያ ጨምሮ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አባዛው። ጊዜው የካቲት ነበር፤ ወታደሩ አምጿል፣ ታክሲ ቆሟል፣ ዩኒቨርሲቲው ይዘጋል ይከፈታል፤ ሰው የተባዛ ወረቀት ሁሉ እየተሻማ ያነብ ነበር። በመግቢያው መጨረሻ ላይ «ይህን ብርቅ ምስክርነት ላመጣልኝ ለመካነ ሰላሙ ተማሪዬ» ብሎ ስሜን ከነአባቴ ጽፎ አመሰገነኝ። ስሜን በታይፕ ተጽፎ ሳየው ጊዜ አጎቴም፣ መሐላውም ከአእምሮዬ ጠፋ።

ከዚያ ማንም ያላዘዘኝን አደረግሁ። አንድ ቅጂ በፖስታ አሽጌ መካነ ሰላም ላለው ለድሮ አስተማሪዬ ላክሁለት። ከተማሪዎቹ አንዱ የት እንደደረሰ እንዲያይ ብዬ ነው። የአማርኛውን ነው የላክሁት።

አስተማሪዬም ኮራ። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ አራተኛ ክፍል ገብቶ «ይህን የጻፈው እዚህ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «እኛ ሥጋ በላን» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እኔ ነኝ» አለች። «ለሳቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ።» አስተማሪው ነገሩ ሳይገባው ደስ ብሎት «ጎበዝ!» አላት ይባላል። በዚያው ሳምንት ወሬው መንደራችን ደረሰ።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ነጋዴ የአጎቴን ደብዳቤ አመጣልኝ። ያጻፈው በቄስ ነው፤ አጭር ነበር። ቅሬው ተሰብስቦ ከአባልነት አስወጥቶታል። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት። ከቅሬ የወጣ ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። ያስወጡት እውነት በመናገሩ አይደለም። የወፍን መሐላ ስላፈረሰ ነው፤ ወፍ ሆኖ ያወጣውን ለእኔ ስለነገረኝ ነው። ደብዳቤው የሚያልቀው «አብሽር፣ ትምህርትህን ያዝ» በሚል ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ምን እንዲያደርግልኝ እንደፈለግሁ እኔም አላውቅም። በጥሞና ሰማኝ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ፤ በዚህ አልወቅሰውም። ከዚያ ግን እስክሪብቶውን አነሣ።

«ቅሬ አልክ? ሰው ሲያስወጡ በድምፅ ብልጫ ነው ወይስ ሁሉም መስማማት አለበት?»

«አላውቅም፣ መምህር።»

«ይህ እኮ ከአውጫጭኙም ይበልጣል። ያለ ፖሊስ፣ ያለ እስር ቤት ሰውን መቅጣት! እስቲ አጎትህ መመለስ ቢፈልጉስ፣ ሥርዓቱ ምንድነው?»

የማውቀውን መለስኩለት። እየመለስኩ ሳለሁ መልሴ ጥሩ መሆኑን ከፊቱ አነብ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ደስ ላሰኘው እፈልግ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ሸሁ ነው። አጎቴ በጠና ታሟል። ሸሁ ሽማግሎቹን ለምኖ፣ እኔ መጥቼ እስር ቤት በሞተው ጎረቤታችን ቤተሰብ ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ከጠየቅሁ፣ ቅሬው አጎቴን ሊመልሰው ተስማምቷል። «የሚፈራው ሞቱን አይደለም፤ ሰው እንደ ውሻ እንዳይጥለው ነው። ወላሂ፣ ደብዳቤው እንደደረሰህ ተነሥ» ይላል።

ደብዳቤው የደረሰኝ ሰኞ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ መምህሬ ከሌሎች ክፍሎች የመጡ መምህራን ባሉበት ስለ ጽሑፉ እንድናገር አዘጋጅቶኝ ነበር። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ያለ ዕድል አግኝቶ አያውቅም አለኝ። አጎቴ መታመሙን ነገርኩት። «ልሂድ ካልክ ሂድ፤ የአንተ ውሳኔ ነው» አለኝ። እንደ ፈቃድህ ማለቱ ነበር፤ አልዋሸም፣ አላስገደደኝም። ቆየሁ። ሰኞ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ማክሰኞ በጠዋት ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ሸሁ በራፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታም አልሰጠኝም።

«መቼ ነው የተነሣኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ደብዳቤዬስ?»

«ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ደረሰኝ።»

በጣቱ ቆጠረ። «በመካከሉ ባለችው ቅዳሜ ነው የሞተው» አለ። «ደብዳቤውን ከላክሁ ጀምሮ ስምንት ቀን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ከረመ። መንገዱ ነው፣ መኪና ጠፍቶ ነው አልኩት። ለሚሞት ሰው ዋሸሁ።»

ቄሱ ፈትተውታል። ከቅሬው ግን አንድ ሰው አልመጣም። መቃብሩን የቆፈሩት ሸሁና ቁርኣን የሚያስቀራቸው ሁለት ደረሶቹ ናቸው፤ በረሃብ የደከሙ ስለነበሩ መቆፈሩ ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀባቸው። ጥልቅ አይደለም። አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ድንጋዩን ተሸክሜ ወደ ሟቹ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ሽማግሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ወጥታ ከፊቴ ቆመች። ጎንበስ ብዬ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» አልኩ።

«ለማነው የተሸከምከው?» አለችኝ።

«ለአጎቴ።»

«እሳቸውንማ ይቅር ብያለሁ። ያመጡልኝ የነበረው እህል ለምን እንደሆነ ሲገባኝም አልጠላኋቸውም። ባሌ በሬ ሰርቋል፤ እሳቸው አልዋሹም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ልጄ ግን ‹አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ› ትላለች። ይህን ማን አስተማራት? እኔ ደብቄያት ነበር። እሳቸውም ደብቀውላት ነበር። ሁሉም ደብቆላት ነበር እኮ! አንተ ነህ የጻፍክላት።»

ከሽማግሎቹ አንዱ «አንቺ ልጅ፣ ለይቅርታ የመጣን ሰው...» ሲል አቋረጠችው። «ይቅር ብያለሁ አልኩ፣ አባባ። ድንጋዩን ያውርድ። እኔ የምለው ይቺን ልጅ ማን ይቅር ይበላት?»

ድንጋዩን አወረድኩ። ልጅቷን በዚያ ቀን አላየኋትም። ትምህርት ትታለች። ከሰው ጋር አትነጋገርም፤ እናቷ ውሃ ቅጂ ስትላት እንኳ መንገዱን ለውጣ በገደሉ በኩል ነው የምትሄደው።

አገሬ ሰነበትኩ። አዲስ አበባ አልተመለስኩም፤ ከመምህሬ ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ሁለተኛው ውስጥ ስለ ድንጋዩ ሥርዓት ይጠይቀኛል። አልመለስኩለትም። የዓመቱን ፈተና ስላልወሰድኩ እስከ ዛሬ በመዝገብ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሽማግሎቹ ድንጋዩን ካወረድኩ በኋላ ነገሩን ለቅሬው አቀረቡ። ቅሬው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ሁለት ጊዜ ሳይስማማ ተበተነ፤ «የሞተን ሰው መልሶ ማስገባት ምን ይጠቅማል?» ያሉ ነበሩ። ሸሁ «እኔም የምሞት ነኝ፤ እሱን ከእኔ ጋር መልሳችሁ ጻፉት፣ ካልሆነ እኔንም አውጡኝ» ብሎ አስጨነቃቸው።

በመጨረሻ ተስማሙ። ለአርባው የቅሬው ሰዎች መጥተው መቃብሩን እንደገና አጥልቀው ቆፈሩ፤ አፈር አልብሰው፣ ድንጋይ ከምረው፣ እንደ ማንኛውም ሰው አለቀሱለት። የጎረቤታችን መበለትም መጥታ አለቀሰች። ልጅቷ አልመጣችም። ይህ የሆነው ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው።